እንግዳው መምህርና ነባሩ ዳርቻ፦ የአርክቴክቸር ስቱዲዮ ትምህርት ከጣና ሐይቅ አንጻር ሲታይ

የአርክቴክቸር ተማሪ ሙያውን በዋናነት የሚቀስመው ከንግግር አዳራሽ ሳይሆን ከስቱዲዮ ነው። በስቱዲዮ አንድ ቦታና አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ይነድፋል፤ ንድፉን ይዞ ከመምህሩ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ይመክራል፤ ያፈርሳል፤ እንደገና ይነድፋል፤ በመጨረሻም ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጁሪ በሚባለው የመምህራን ጉባኤ ፊት ይሟገታል። ይህ አሠራር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአብዛኛው ከውጭ በመጡ መምህራን እጅ ነው። ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሚደረግ ስምምነት እንግዳ መምህር ለአንድ መንፈቀ ዓመት ወይም ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ስቱዲዮ መምራቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ስቱዲዮ የሚገመገመው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ዐውደ ርእይ ድምቀት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ መምህሩ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በተማሪው እጅና በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው? ለጥያቄው የተመረጠው ስፍራ ባሕር ዳርና የጣና ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ዳርቻ እንግዳ የሕንፃ መምህርን የሚያውቀው ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ከመታሰቡ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው።

ኖራው የቀረበት መንገድ

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ለአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት አሠርቷል። የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ፓኤዝ መሣሪያ ማበጀትና ድንጋይ መጥረብ ለሠራተኞች ራሱ እያሳየ ያስተምር እንደ ነበር ያወሳሉ። ጽሑፎቹ ራሳቸውን ከፍ አድርገው የማየት ዝንባሌ ስላላቸው በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው፤ አክሱምንና ላሊበላን ያቆመ አገር ድንጋይ መጥረብን ከመነኩሴ የሚማርበት ምክንያት አልነበረውም። በእርግጥ አዲስ የነበረው ድንጋዩን የሚያያይዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይን ፈልጎ የማግኘቱና የማቃጠሉ ዕውቀት በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ በመጣ ባለሙያ በኩል እንደ ገባ እነዚያው ጽሑፎች ይመሰክራሉ። በዚያው አሥር ዓመት ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በጢስ ዓባይ አጠገብ በኖራ የተገነባው የድንጋይ ድልድይ ቆመ።

ለዚህ ጥናት ጠቃሚው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢየሱሳውያኑ በ1630ዎቹ ከአገር ተባረሩ፤ ይዘውት የመጡት ሃይማኖትም ውድቅ ሆነ። ኖራው ግን አልተባረረም። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግንበኞቹ ኖራ ማቃጠሉን፣ ቅስት ማዞሩን፣ ጉልላት መድፈኑን ያውቁ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም የእነዚያን መምህራን ምኞት ሳይሆን የአዲሱን ንጉሥ ፈቃድ የሚገልጥ ሆኖ ተሠራ። ዕውቀቱ የቀረው በእጅ ሥራ ስለ ተላለፈ፣ ጥሬ ዕቃው በአካባቢው ስለ ተገኘና ግንበኛው ያለ መምህሩ ሊደግመው ስለ ቻለ ነው። በጢስ ዓባይ ያለውን ድልድይ ሕዝቡ ዛሬም «የፖርቹጋል ድልድይ» ማለቱ የሚያስገርም ነው፤ ድንጋዩን ያነሡት እጆች በስሙ ውስጥ ቦታ አላገኙም። የእንግዳ መምህር ስቱዲዮ ሥራዎች በመምህሩ ስም ሲታተሙም የሚደርሰው ይኸው ነው።

ተቋምና ዕቅድ

እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ስዊድናውያን መምህራን ዓመታት ተቀምጠው አስተማሩ፤ የግንባታ ዕቃ መፈተሻ ቤተ ሙከራም ተቋቋመ። ኢንስቲትዩቱ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፤ ከብዙ ለውጥም በኋላ በዚያው ግቢ ዛሬ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይገኛል።

ባሕር ዳርን የነካው እንግዳ ምሁር በሌላ መንገድ መጣ። በ1960ዎቹ የዳርምሽታት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የከተማዋን ዋና ፕላን አዘጋጁ። ወቅቱ በኢጣልያ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ የተከፈተበት ነው። ከተማዋ የምትታወቅባቸው ሰፋፊና በዘንባባ የተሰለፉ ጎዳናዎች ከዚያ ዘመን አስተሳሰብ ጋር ይያያዛሉ። ጉተር መምህር ነበሩ፤ ሆኖም በባሕር ዳር የቀረው ሥራቸው እንጂ አሠራራቸው አይደለም፤ በጊዜው በከተማዋ የፕላን ሥራን እያየ የሚማር የአርክቴክቸር ተማሪ አልነበረምና። ጎዳናው ቀረ፤ ጎዳናው ለምን በዚያ ስፋት፣ ለምን በዚያ አቅጣጫ እንደ ተዘረጋ የሚያስረዳው ምክንያት ግን ከወረቀቱ ጋር ሄደ። በኋላ የተዘጋጁ ፕላኖች የቀደመውን ሲከልሱ ከምክንያቱ ጋር ሳይሆን ከመስመሩ ጋር ብቻ መነጋገር ነበረባቸው። ስዊድናውያኑ አዲስ አበባ ላይ የተዉት ሰው ነው፤ ዳርምሽታት ባሕር ዳር ላይ የተወው ሥዕል ነው። የእንግዳ መምህር ስቱዲዮ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል የሚወሰነው ጠረጴዛው ላይ በሚደረገው ነገር ነው።

ጠረጴዛውና ቅኔ ቤቱ

የስቱዲዮ ትምህርት ሥር አንዱ በፓሪስ የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት አቴሊዬ ውስጥ ነው። በዚያ ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን ያግዙ ነበር፤ ዳኝነቱ ግን ተማሪው በሌለበት በዝግ ይካሄድ ነበር። ተማሪው ፊት ለፊት ቆሞ የሚተችበት ግልጽ ጁሪ ኋላ የመጣ ልማድ ነው። ስለ ጠረጴዛው ምክክር በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ነው። በዚያ ጥናት ፔትራ የተባለች ተማሪ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንድፍ ይዛ ተቸግራለች፤ ሕንፃው ከተዳፋቱ መሬት ጋር አልስማማ ብሏታል። መምህሩ ኩዊስት በሥዕሏ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቶ እየሣለ ይናገራል፣ እየተናገረ ይሥላል። የሾን ዋና ነጥብ መሣሉና መናገሩ የማይነጣጠሉ የአንድ ሥራ ሁለት ክንዶች መሆናቸው ነው፤ እጁ ሲሄድ «እዚህ»፣ «ይህ» የሚሉት ቃላት ካልተከተሉት ሥዕሉ ዲዳ ይሆናል።

ይህን ትዕይንት ወደ ኢትዮጵያ ስቱዲዮ ሲያመጡት አንድ ክንዱ ይላላል። ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢማርም ስለ ቤት የሚያውቀውን ያወቀው በአማርኛ ነው። ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ወጋግራ፣ ምሰሶ፣ ጉልላት፣ እነዚህን ቃላት ቤት ሲሠራ እያየ፣ ምናልባትም ጭቃ እያቀበለ ተምሯቸዋል። ማገር ሲል ስንት ክንድ ተራርቆ እንደሚታሰር፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ ለምን ለቀናት እንደሚተው አብሮ ያስታውሳል። በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን የሚያገኛቸው ቃላት ከመማሪያ መጻሕፍት የመጡና የኮንክሪት ሕንፃን የሚገልጡ ናቸው። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ተማሪው የሚያውቀውን ቤት ትቶ ስሙን የሚያውቀውን ቤት ይነድፋል። እንግዳው መምህርም ተማሪው ለአካባቢው ዕውቀት ግድ የለውም ብሎ ይደመድማል።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚሰማ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ መምህሩን ስለሚያከብር አይከራከርም፣ በሰው ፊት መተቸትን አልለመደም ይባላል። ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ባሕር ዳር የምትገኝበት ጎጃም ስሙ የሚነሣው በቅኔ ትምህርት ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ አብነት የሆኑ ስፍራዎች ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም በጓደኞቹ መካከል ያርሙታል፤ ስሕተቱን ይነቅሳሉ፤ አንዳንዴም ጥሩውን ስንኝ ከነምክንያቱ ያወድሱለታል። ጀማሪው በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ወደ ረጃጅሞቹ፣ በመጨረሻም ወደ መወድስ ይደርሳል። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ በየዕለቱ አዲስ ይቈጠራል። በመምህሩና በጀማሪው መካከልም የጀማሪዎችን ነገራ የሚቀበል አስነጋሪ የሚባል የበሰለ ተማሪ አለ። ከፓሪሱ አቴሊዬ ነባር ተማሪዎች ጋር ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው።

እንግዲህ በግልጽ መታረም፣ ሠርቶ መጣል፣ ከትንሽ መልመጃ ወደ ትልቅ መሄድ ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ በቅኔ ቤት አራሚውና ታራሚው የሚፈርዱበት ቋንቋና ሕግ አንድ መሆኑ ነው። ጉባኤ ቃናው ቤት ካልመታ ወይም ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ተማሪውም ይሰማዋል፤ እርማቱን ባይወደውም ይገባዋል። በእንግዳው ስቱዲዮ ጁሪው «ቦታው አይነበብም» ወይም «ሐሳቡ ደካማ ነው» ሲል ተማሪው ፍርዱን እንጂ ሕጉን አይሰማም። ዝም የሚለው አፍሮ ብቻ ሳይሆን የሚከራከርበት መሠረት ስላጣ ነው። መፍትሔው ተማሪውን ድፍረት ማስተማር አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ሊለኩትና ሊያመሳክሩት የሚችሉት ነገር ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለበት። በጣና ዳርቻ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል።

የማይረጋ ጠርዝ

መጀመሪያ ፀሐይ። በሰሜን አውሮፓ የሠለጠነ መምህር መስኮትን ወደ ደቡብ መክፈት የእጁ ልማድ ነው፤ በስቶክሆልም በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለችና። ባሕር ዳር ግን በሰሜን ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚያው ወር የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሚያዝያ የመጨረሻ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ደግሞ በሰሜን በኩል ታልፋለች። እዚህ ቤትን የምታስጨንቀው የጠዋትና የማታ ዝቅተኛ ፀሐይ ናት። ይህ ከሠንጠረዥ የሚገኝ ዕውቀት ቢሆንም በስቱዲዮ ያለው ዋጋ ሌላ ነው፤ ተማሪው ዘንግ አቁሞ ጥላውን ሲለካ የመምህሩን ልማድ በማስረጃ ሊሞግት ይችላል። መምህሩም ሊሸነፍ ይችላል፤ ተማሪው እስኪያሸንፍ ድረስ ደግሞ ስቱዲዮው አልተጀመረም።

ከፀሐይ ይልቅ የሚያስቸግረው ውኃው ነው። ማንኛውም የንድፍ መልመጃ በቦታ ፕላን ይጀምራል፤ ፕላኑ ደግሞ ወሰን አለው። የጣና ወሰን ግን አይረጋም። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም፤ ዳርቻውም በብዙ ስፍራ ለጥ ያለ ነው። መሬቱ በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ በሚያዘነብልበት ቦታ የውኃው ከፍታ 1.5 ሜትር ሲለዋወጥ የውኃው ጠርዝ 150 ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ለአንድ ተማሪ የሚሰጠውን ቦታ በሙሉ ሊውጥ የሚችል ርቀት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው የውኃ መቆጣጠሪያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መለዋወጡን የተፈጥሮ ብቻ እንዳይሆን አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ የጀልባ ጉዞ ለወራት ተስተጓጉሎ ነበር። በመስከረም መጥቶ በጥር የሚሄድ እንግዳ መምህር የሚያየው ከሞላ በኋላ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ውኃ ነው፤ የሰኔውን ባዶ ዳር አያይም። ተማሪው ግን ያውቀዋል፤ ከተማሪውም ይበልጥ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አስጋሪ ያውቀዋል። በደረቁ ወራት የተገለጠው መሬት ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል፤ ደንገሉም ይታጨዳል። ይህን ሳያውቅ «የሐይቅ ዳር መናፈሻ» ብሎ የሚነድፍ ተማሪ፣ ሳያስበው፣ የሰው እርሻ ላይ የድንጋይ ንጣፍ እየዘረጋ ነው። ዳርቻው በሆቴልና በመዝናኛ ግንባታ እየተያዘ ባለበት ጊዜ ይህ ስሕተት ወረቀት ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የዛሬው ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ወይም ነዳፊ ነውና።

ሦስተኛው ጣራ ነው። በባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ዝናብ የተሰጠ መልስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ ሰፊው ሾጣጣ ክዳን ግድግዳውን አልፎ ወጥቶ ከጎርፉ ይጋርደዋል። ከውጭ ክብ የሆነው ሕንፃ በውስጡ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና በሥዕል የተሸፈነውን ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ ይዟል። እንግዳ መምህራን ይህን አራት ማዕዘንን በክብ የማቀፍ ጥበብ አይተው ይማረካሉ፤ ተማሪዎችም ፕላኑን በተደጋጋሚ ይሥሉታል። ፕላን ግን ስለ ዝናብ ምንም አይናገርም። ጠቃሚው ሥራ በ1፡20 ሴክሽን መሥራት፣ ክዳኑ ከግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወጣ፣ ጠብታው የት እንደሚያርፍ፣ በዙሪያው ባሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ተዳፋቱና ውርጅብኙ እንዴት እንደ ተለወጠ መለካት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠግነው አናጢ ከሁለቱም ይበልጣል፤ መምህሩና ተማሪው በእኩል ይጠይቁታል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ተማሪው ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በጠረጴዛው ምክክር ደካማ የነበረው ክንድ በዚህ ይጠነክራል።

ሠርቶ የማየት ሙከራዎች

በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩቱ ከዙሪኩ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋምና ከቫይማር ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተባበረባቸው ዓመታት በግቢው ውስጥ የሙከራ ቤቶች ተሠርተዋል። ከእነርሱ አንዱ፣ ሱዱ የተባለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ የቆመና በቀጫጭን የአፈር ሸክላዎች ቅስት የተደፈነ ነው፤ የብረትና የቅርጽ እንጨት ፍጆታን ለማስቀረት የታሰበ አሠራር ነበር። ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቀው በቡራ ደግሞ የዙሪኩ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንዝ ኦስቫልድና አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ የተሳተፉበት የአነስተኛ ከተማ ሙከራ ተጀመረ፤ ቤቶቹ በአንድ የጋራ ጣራ ሥር ተደርድረው የዝናቡን ውኃ ወደ ማጠራቀሚያ እንዲያወርዱ የታቀዱ ናቸው።

ሁለቱም ከሥዕል አልፈው ነገሩን በአፈርና በእንጨት በመሞከራቸው ከተለመደው የልውውጥ ስቱዲዮ ይልቃሉ። ነገር ግን በኖራው መለኪያ ሲመዘኑ ልዩነት ይታያል። የአፈሩ ቅስት ሠልጣኝ ግንበኛና የቅርብ ክትትል ይፈልጋል፤ ከግቢው ውጭ ያለው ግንበኛ ደግሞ በየዕለቱ የሚከፈለው በብሎኬትና በኮንክሪት ነው። የቡራው ጣራ አፈጣጠሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከጣራው በታች ያለው ነው፤ የአማራ ገበሬ በየማሳው ተራርቆ መኖርን ትቶ ጣራና ጉድጓድ ከጎረቤቱ ጋር እንዲጋራ ይጠየቃል። ይህ የንድፍ ጥያቄ ብቻ ስላልሆነ በአንድ መንፈቀ ዓመት አይመለስም። ያም ሆኖ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ የስቱዲዮ ርእስ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሕንፃው ሲሠራ የተገመተውን ሰዎቹ ሲኖሩበት ከሆነው ጋር እያመሳከሩ መለካት ይቻላልና።

በባሕር ዳር ለሚዘጋጅ ቀጣይ የእንግዳ መምህር ስቱዲዮ ከዚህ የሚመነጩ የአሠራር ለውጦች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። እንግዳው መምህር ብቻውን ከሚመራ፣ የቅኔ ቤቱን አስነጋሪ የሚመስል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ወይም ወጣት መምህር ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ቢመደብ፣ የመጀመሪያው ምክክር በአማርኛ ተካሂዶ ውጤቱ ለእንግዳው በእንግሊዝኛ ቢቀርብ፣ ተማሪው ቃላቱን ከሥዕሉ ሳይነጥል ይናገራል። መንፈቀ ዓመቱ የሚጀምረው አዲስ ሕንፃ በመንደፍ ሳይሆን የዳርቻውን አንድ መቶ ሜትር በመለካት ቢሆን ጁሪው የሚፈርድበት ነገር በሁሉም ፊት ይኖራል። የልኬት ሥዕሎቹም ከመምህሩ ሻንጣ ጋር ከመሄድ ይልቅ በዩኒቨርሲቲው ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ ወረቀት በግርጌው የለኩትን ተማሪዎች ስም፣ የተለካበትን ቀንና የዕለቱን የሐይቅ ከፍታ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎችም በሰኔ ከዚያው ነጥብ ተነሥተው ይለኩ።